የልጆቼ ትምህርት ቤት ሪቪው፦ ማስተማሩ ጥሩ ነው፣ ወላጅ የሚጠራው ግን ብር ሲፈለግ ነው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሰው ለልጁ ትምህርት ቤት ሲያፈላልግ "እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ "ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛ ላይ ጎበዝ ናቸው" ይባላል፣ በቃ ሄዶ ይመዘግባል። እኔም ስመዘግብ የሰማሁት ይሄንኑ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ልጆቼ ስለሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ነገር ልጻፍ፣ ማለትም ወላጅ እዛ ግቢ ውስጥ ሲናገር የሚሰማው አለ ወይ? ስሙን አልጠራም፣ ልጆቼ አሁንም እዛው ናቸው፣ ደግሞ ከጓደኞቼ እንደሰማሁት የብዙው ጠባይ ይሄው ስለሆነ አንዱን ለይቶ መስቀሉ ፌር አይመስለኝም። አዲስ አበባ ነው፣ ከኬጂ እስከ 8ኛ ያስተምራል፣ ክፍያው መካከለኛ ከሚባሉት ነው (መካከለኛ ማለት ከደሞዝ ላይ ሲነሳ የሚያም ግን የማይገድል)።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም፣ ምክንያቱም አለ። ኬጂ ላይ ያሉት ሚሶች እግዜር ይስጣቸው፣ ትንሿ ልጄ ስትገባ ከኔ ቀሚስ የማትላቀቅ ነበረች፣ አሁን ቤት ውስጥ ዝም የሚያሰኛት ጠፍቷል፣ አባቷን ሳይቀር "ሀንድ አፕ አድርገህ ተናገር" ትለዋለች። ትልቁ 4ኛ ክፍል ነው፣ ሒሳብ ላይ ዓምና ከነበረበት በጣም ተሻሽሏል። ግቢው ይጠረጋል፣ ሽንት ቤቱ ውሃ አለው (ይሄ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሌላ ቦታ ያላየ ብቻ ነው)፣ ዘበኛው ደግሞ ልጅ ለማያውቀው ሰው አይሰጥም። አንድ ጊዜ ወንድሜን ልኬው መረከቢያ ካርዱን ረስቶ ስለሄደ እኔጋ ተደውሎ እስኪረጋገጥ ፀሐይ ላይ አቁመውታል፣ እሱ ተናደደ፣ እኔ ግን በልቤ መረቅኳቸው። ኮሚኒኬሽን ቡክም (አስተማሪና ወላጅ የሚጻጻፉበት ደብተር) በየቀኑ ይጻፍበታል፣ ያልተፈረመ ከሆነ በነጋታው ልጁ ይጠየቃል። ለማስተማርና ለደህንነት ከ5 ላይ 4 እሰጣለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት አስተማሪ ስለማይበረክትላቸው ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ አለው። በወረቀት ማለቴ ነው። በዓመቱ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሩ ብድግ ይልና "ያለፈው ዓመት ኮሚቴ በጣም ስለደከመልን በዚሁ ይቀጥል የምትሉ?" ይላል፣ ጭብጨባ፣ አለቀ፣ ያ ነው ምርጫ። ኮሚቴው እነማን እንደሆኑ የማያውቅ ወላጅ ሞልቷል። እኔ ራሴ አንዱን ያወቅኩት ጎረቤቴ ስለሆነ ነው እንጂ የኮሚቴው ስም ዝርዝር የትም ተለጥፎ አይቼ አላውቅም። ስልካቸውም አይሰጥም። ታዲያ ወላጅ ቅሬታ ሲኖረው ለማን ነው የሚያቀርበው? ለዩኒት ሊደሯ (የተወሰኑ ክፍሎችን የምትከታተለዋ ኃላፊ)። ዩኒት ሊደሯ ደግሞ "ለማኔጅመንት አሳውቃለሁ" ትላለች፣ ደግ ሰው ነች፣ ግን ማኔጅመንት የሚባለው ነገር እስካሁን መልስ ሲሰጥ አላየሁም።

ቴሌግራሙም እንደዛው ነው። ግሩፕ ውስጥ አስገብተውናል፣ መጻፍ የሚችለው አድሚን ብቻ። "ውድ ወላጆች የ2ኛው ኳርተር ክፍያ የመጨረሻ ቀን..." "ውድ ወላጆች ነገ ልጆች ቢጫ ልብስ ለብሰው..." "ውድ ወላጆች ስናክ ላይ ቺፕስ መላክ ክልክል..." እኛ የምንችለው ቢበዛ የአውራ ጣት ምልክት መጫን ነው፣ እሷንም በቅርቡ ዘጓት፣ አንዱ ወላጅ የክፍያ ማስታወቂያ ላይ የሚያለቅስ ፊት ስላደረገበት ነው አሉ ሃሃ። ወላጅ ደግሞ መች ዝም ይላል፣ የራሱን ግሩፕ ከፈተ፣ ትምህርት ቤቱ የሌለበት። እዛ ውስጥ ያለው ወሬ ለብቻው ሪቪው ይወጣዋል።

ወላጅ በደንብ የሚፈለግበት ቀን አንድ ነው፣ የክፍያ ጭማሪ ስብሰባ። ያኔ ደብዳቤ ይላካል፣ ኤስኤምኤስ ይላካል፣ ይደወላል፣ ኮሚኒኬሽን ቡክ ላይ በቀይ ይጻፋል፣ "መገኘትዎ ግዴታ ነው" ይባላል። ያለፈውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ተብሎ ወደ 4 ሰዓት ላይ ተጀመረ። በር ላይ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ "አቴንዳንስ ነው፣ ስም፣ የተማሪ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ" ትላለች፣ የመጣ ሁሉ ይፈርማል፣ እኔም ፈረምኩ። አዳራሹ ውስጥ የተደረደረው የልጆች ወንበር ስለነበር ትልልቅ ሰው ጉልበቱን አገጩ ስር አድርጎ ተቀምጧል፣ አንዱ ወፍራም ሰውዬ ትንሽ ታገለና ተስፋ ቆርጦ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ፕሮጀክተር ተከፈተ። የተናገረው የትምህርት ቤቱ ባለቤት ነው፣ ዳይሬክተሩ ጎኑ ተቀምጦ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ቃል አልወጣውም።

ስላይዱ ላይ የሕንጻ ኪራይ፣ ደሞዝ፣ ወረቀት፣ የሰርቪሱ ናፍጣ፣ ሁሉም በቀይ ቀስት ወደ ላይ። እውነት ለመናገር ሰውዬው አልዋሸም። ኑሮ ለሱም ተወዷል፣ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብር የት እንደደረሰች ሁላችንም የምናውቀው ነው። የጠየቀው ጭማሪ ግን ወደ ግማሽ ይጠጋል። አዳራሹ ውስጥ "እእእ" የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ከዛ አንድ አባት እጁን አወጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛ ይመስለኛል አነጋገሩ። "ጭማሪውን አልቃወምም፣ ከሚጨመረው ውስጥ ምን ያህሉ ለመምህራን ደሞዝ ይውላል? ምክንያቱም የልጄ ክፍል በአንድ ዓመት ሦስት የሳይንስ አስተማሪ ቀያይሯል፣ የሚሄዱት ደሞዝ አንሷቸው ነው" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ባለቤቱ "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጥያቄዎችን ሰብስበን ባንድ ላይ እንመልሳለን" አለ። ሰበሰበ። አንዷ ሦስት ልጅ ላላት ቅናሽ ይኖራል ወይ ብላ ጠየቀች፣ አንዱ ስለ ፓርኪንግ አነሳ፣ ሌላዋ ስለ ስናክ ሰዓት፣ አንድ አዛውንት ደግሞ "ልጆቻችንን ስለምትጠብቁልን እግዚአብሔር ይስጥልን" ብለው መርቀው ተቀመጡ። መልስ ሲሰጥ ፓርኪንግ ተመለሰ፣ ስናክ ተመለሰ፣ ምርቃቱም "አሜን" ተባለ፣ የደሞዟ ጥያቄ ግን የለችም። ሰውየው ድጋሚ እጁን ሲያወጣ "ሰዓት ስላጠረን" ተባለ። በመጨረሻ ባለቤቱ በፈገግታ "ማንንም አናስገድድም፣ መልቀቂያ ለሚፈልግ ወላጅ ቢሮአችን ክፍት ነው" አለ። ይቺን አረፍተ ነገር የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። ድምፅ አልተሰጠም፣ እጅ አልተቆጠረም፣ "እንግዲህ ተግባብተናል፣ እናመሰግናለን" ተባለና ውሃ ታደለን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ጎረቤቴ ኮሚቴ ነው ብያችኋለሁ፣ እሱ እንደነገረኝ ያ በር ላይ "አቴንዳንስ ነው" ተብለን የፈረምንበት ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ "ወላጆች በጉዳዩ ላይ ተወያይተው ተስማምተዋል" ተብሎ ሄዷል። የከተማው የትምህርት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ትምህርት ቤቶች ክፍያ ከመጨመራቸው በፊት ከወላጅ ጋር ይወያዩ፣ ይስማሙ እያለ ሲናገር እንሰማለን፣ ጥሩ ነው፣ ግን ያ ውይይት ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚመረት ያየሁት ያኔ ነው። እኛ ድግሱ ካለቀ በኋላ ለምርቃት ብቻ እንደሚጠራ ሽማግሌ ነን። ስለዚህ ምክሬ፣ ስብሰባ ስትሄዱ ወረቀቱን ከላይ አንብቡ፣ ርዕስ ከሌለው ከስማችሁ ጎን "መገኘቴን ብቻ" ብላችሁ ጻፉ። እኔ አሁን እንደዛ ነው የማደርገው፣ ልጅቷ ትገላምጠኛለች፣ ትገላምጥ።

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም ደግሞ። በ2012 ኮሮና መጥቶ መጋቢት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የኔ ልጆች ገና አልገቡም ነበር፣ ግን የባለቤቴ እህት ስታብድ አስታውሳለሁ፣ ትምህርት ቤቱ ሙሉ ክፈሉ ይላል፣ ወላጅ ልጄ ቤት ተቀምጦ ለምን ብዬ ይላል፣ ሁለቱ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ወግ ያለው ቦታ ስላልነበረ መጨረሻ ላይ ትምህርት ሚኒስቴር ነው ገብቶ የግል ትምህርት ቤቶች ከ50 እስከ 75 ፐርሰንት ያስከፍሉ ያለው። ያኔ ሥራውን የሚሠራ የወላጅ ኮሚቴ ቢኖር እኮ ሚኒስቴር ድረስ ባልተኬደ። አሁንም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር ቢመጣ (አያምጣው) እዛው ነን።

ከክፍያ ውጪ ያለውን ደግሞ ጭራሽ አንጠየቅም። ዩኒፎርም እንውሰድ። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ሹራቡ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ተቀየረ፣ የሚሸጠው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ ማሰፋት አይቻልም፣ አርማ አለበት። የትልቁ ልጄ የድሮ ሹራብ ለትንሿ ይሆናል ብዬ አጥቤ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬ ነበር፣ አሁን ቤት ውስጥ የሚለበስ ሆኗል። ለምን ተቀየረ ስል የተሰጠኝ መልስ "ለአዲስ ገጽታ" ነው። የማን ገጽታ? አጋዥ መጽሐፉም እንደዚያው፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀምር የመንግሥቱ መጽሐፍ ታትሞ እስኪዳረስ ብዙ ወላጅ ፒዲኤፉን ከቴሌግራም እያወረደ ፎቶኮፒ ቤት ሲሰለፍ ነበር፣ ያኔ ትምህርት ቤቱ የራሱን አጋዥ ቢያመጣ እሺ ችግር ነው እንበል። አሁን ግን የመንግሥቱም እያለ በየዓመቱ አጋዥ ይቀያየራል፣ የታላቁ ለታናሽ አይሆንም፣ ግማሹ ደግሞ ሳይገለጥ ዓመቱ ያልቃል። የልጄን የእንግሊዝኛ አጋዥ ሰኔ ላይ ሳየው ከገጽ 40 ወዲያ ያለው ንጹህ ነው፣ እንዳዲስ ይሸጣል።

እዚህ ጋር እህቴን ላምጣት፣ ምክንያቱም ይሄን ሁሉ እንዳስብ ያደረገችኝ እሷ ነች። እህቴ ልጇን የምታስተምረው መንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ እና ወተመህ ውስጥ ተመርጣለች። የማታውቁት ካላችሁ ወተመህ ማለት ወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት ነው፣ ድሮ ተማሪ ሳይገባበት ወመህ ይባል ነበር። የትምህርት አስተዳደር ወደ ታች ይውረድ፣ ማህበረሰቡም ይሳተፍ የሚለው ሐሳብ በ1986ቱ የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ ላይ አለ፣ በ1994 ደግሞ የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የህብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ የሚባለው ወጥቶ የወላጅ ህብረቱና የቀበሌ ትምህርትና ስልጠና ቦርድ ሥራቸው ምን እንደሆነ ተዘረዘረ። የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ሲመጣ ደግሞ ከአራቱ ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ የህብረተሰብ ተሳትፎ ሆነ (ሌሎቹ መማር ማስተማር፣ ምቹና ጤናማ አካባቢ፣ አመራር ናቸው)። ከዛ ከ2001 ገደማ ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፓኬጁ በኩል የትምህርት ቤት ድጎማ ብር በተማሪ ቁጥር እየተሰላ መውረድ ሲጀምር ወተመህ የሚነጋገርበት ብር አገኘ ማለት ነው።

እና እህቴ የነገረችኝን ስሙ። የድጎማ ብር መጣ። ዳይሬክተሩ ዕቅድ አቀረበ፣ አጥር ቀለም ይቀባ፣ በሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም በትልቁ ይጻፍ፣ ምክንያቱም ከወረዳ ሱፐርቪዥን ይመጣል። አንዲት እናት፣ እህቴ እንዳለችኝ ጉሊት የምትሸጥ ናት፣ ተነስታ "የሴቶቹ ሽንት ቤት ውሃ የለውም፣ ትልልቆቹ ልጆች በወር አበባቸው ጊዜ ቤት ነው የሚቀሩት፣ ልጄም ትቀራለች፣ ቀለሙ ይቆይ ሮቶ ይገዛ" አለች። ዳይሬክተሩ "እሱ በሚቀጥለው ዕቅድ" ሲል የተማሪ ተወካይዋ፣ የ8ኛ ክፍል ልጅ፣ ፈራ ተባ እያለች "እውነቷን ነው" አለች። ጭቅጭቅ ሆነ፣ አንድ መምህር ከዳይሬክተሩ ጋር ወገነ፣ ሌላኛዋ መምህርት ከእናትየው ጋር፣ ስብሰባው ተቋርጦ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። መጨረሻ ላይ ሮቶው ተገዛ፣ አጥሩ አሁንም አልተቀባም። እህቴ ይሄን ስትነግረኝ እንደ ቀላል ነገር ነው፣ እኔ ግን ቡናዬን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ፣ ምክንያቱም እኔ በኳርተር የምከፍለውን እሷ በዓመት አታወጣም፣ ያቺ ጉሊት ሻጭ ግን የትምህርት ቤቱ ብር ምን ላይ እንደሚውል አስቀየረች፣ እኔ የሹራብ ቀለም እንኳን የሚጠይቀኝ የለም።

አሁን መንግሥት ትምህርት ቤት ገነት ነው እያልኩ አይደለም፣ እህቴ ራሷ ብታነበው ትስቅብኛለች። ክፍል ውስጥ የተማሪው ብዛት፣ የመጽሐፍ ጉዳይ፣ ስንቱ። ወተመህም ቢሆን በብዙ ቦታ መዋጮ መሰብሰቢያ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ዕቅዱ ከወረዳ በመጣ ፎርም ተሞልቶ ያልቃል፣ ወላጆቹም ሥራቸውን ጥለው ስለሚመጡ ይሰለቻቸዋል፣ እህቴም ሁለት ስብሰባ ቀርታለች። ደግሞ ዳይሬክተሩ ጠንከር ያለ ከሆነ ሁሉም ነገር እሱ ያለው ነው። ግን ቢያንስ ሕግ አለ፣ "መመሪያው እንዲህ ይላል" የሚባል ነገር አለ፣ እዛ ላይ ቆመህ መከራከር ትችላለህ። እኛጋ ግን የሚቆምበት መሬት ራሱ ያለ አይመስልም፣ ኮሚቴው ያለው በትምህርት ቤቱ ባለቤት ደግነት ነው የሚመስለው፣ ሲከፋው የሚበትነው። ከፋዩ ምንም አይወስንም፣ የማይከፍለው ይወስናል፣ ግርም አይልም?

ባለቤቴ ይሄን ሳወራው ያለኝ "ቢዝነስ ነው፣ ካፌ ገብተሽ ሜኑ ላይ ድምፅ ትሰጫለሽ እንዴ?" ነው። አልተስማማሁም። ካፌው ካልተመቸኝ ነገ ሌላ ካፌ እሄዳለሁ። ልጅ ግን በመሀል አይነቀልም፣ ጓደኛ አለው፣ ሰርቪስ አለው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ የመመዝገቢያ ተብሎ እንደገና ይከፈላል፣ ባዶ ቦታም ላይኖር ይችላል፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ሲቃረብማ ማን ያንቀሳቅሰዋል። የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ይሄንን ስለሚያውቅ ነው "ቢሮአችን ክፍት ነው" የሚለው።

ወላጁንም ግን ሳልነካው አላልፍም። የራሳችን ግሩፕ ውስጥ ማታ ማታ እሳት የሚተፋው ሰው ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት የለም። "ሥራ ነበረብኝ" "ለቅሶ ነበረብኝ" "እናንተ ያላችሁት ይሁን"። ሪፖርት ካርድ ለመውሰድ የቤት ሠራተኛዋን የሚልክ አለ፣ ከሆምሩም ቲቸሯ ጋር ሁለት ደቂቃ ለማውራት አይመጣም፣ ከዛ ሰኔ ላይ "ልጄ ለምን ወረደ" ብሎ ይጮሃል። አባቶችማ ተዉት፣ ስብሰባው ላይ ካለው ሰው አብዛኛው እናት ነው፣ መድረኩ ሲከፈት ግን ማይኩን የሚይዙት አባቶች ናቸው። ደግሞ ፍርሃት አለ፣ "ብናገር ልጄ ላይ ቂም ይይዙበታል" የሚለው። ይሄን አልስቅበትም፣ እኔም ይሄን ሪቪው ስም ሳልጠራ የምጽፈው ለምን ሆነና።

ሁሉንም ነገር ወላጅ ይወስን የሚሉትንም አልደግፍም። የወላጅ ጥያቄ ሁሉ ልክ አይደለማ! የአራት ዓመት ልጅ ሆምዎርክ ያንሰዋል ብሎ የሚጨቃጨቅ አለ፣ ኬጂ ውስጥ አማርኛ እንዳይነገር የሚል አለ፣ ልጄ ለምን 2ኛ ወጣ ብሎ አስተማሪ ይባረር የሚል አለ (በአይኔ አይቻለሁ፣ አስተማሪዋ አለቀሰች)። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰጥቶ ያለፈው 3.3 ፐርሰንት ብቻ ነው ሲባል ያ ሁሉ ሲሰጥ የኖረ 90ና 95 የት ገባ ብለን ደንግጠን ነበር፣ ኩረጃው እንዳለ ሆኖ፣ ያንን ማርክ እንዲሰጥ አስተማሪውን ሲያስጨንቅ የኖረው ማን ሆነና? እንዴት እንደሚያስተምር፣ ማርክ እንዴት እንደሚሰጥ ለመምህሩ ይተውለት። ብር፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ ግዢ፣ ሰርቪስ፣ ምግብ፣ ሰዓት፣ የልጅ ደህንነት ላይ ግን ነገሩ ከመወሰኑ በፊት ወላጅ ይጠየቅ፣ ከተወሰነ በኋላማ ምን ዋጋ አለው።

ደግሞ ሲፈለግ ይቻላል። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ቱቶሪያል ግዴታ ነው ተባለ፣ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ሁሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይቆያል፣ በወር ተጨማሪ ይከፈላል፣ ሰርቪስ የሚጠቀም ደግሞ የራሱን መላ ይፈልግ። የ4ኛ ክፍል ወላጆች ግሩፕ ውስጥ እንደተለመደው ጩኸት ሆነ። አንዷ እናት ግን፣ ነርስ ናት፣ "መጮሁን ተዉትና አንድ ገጽ ደብዳቤ እንጻፍ" አለች። ጻፈች። ስድብ የለው፣ ምስጋና አስቀድማ፣ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀች፦ በፈቃደኝነት ይሁን፣ የሚሰጠው የክፍሉ አስተማሪ ከሆነ የሚከፈለው ለሱ መድረሱ ይነገረን፣ የሰርቪስ ልጆች ጉዳይ ይታሰብበት። ጠዋት ልጅ ስናደርስ በር ላይ ቆማ እያስፈረመች ከክፍሉ ወላጅ አብዛኛው ፈረመ፣ ኮፒው ላይ ጸሐፊዋ ተቀብያለሁ ብላ እንድትፈርምና ማህተም እንድታደርግ ቆመን ጠበቅን። ጸሐፊዋ "ማህተም ማኔጀሩጋ ነው" አለች፣ ነርሷ "እንጠብቃለን" ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማህተሙ ተገኘ! ሳምንት ሳይሞላ ቴሌግራሙ ላይ "ውድ ወላጆች ቱቶሪያል በምርጫ መሆኑን እናሳውቃለን" ተባለ። የአስተማሪው ክፍያ ጉዳይ አሁንም መልስ የለውም፣ የሰርቪሱም፣ ግን ግዴታነቱ ቀረ። ደብዳቤ ላይ የፈረመ አንድም ወላጅ ልጁ ላይ የደረሰ ነገር የለም፣ ይሄን በደንብ ልበል ምክንያቱም ብዙው የሚፈራው እሱን ነው።

እና ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት የምትፈልጉ ሰዎች፣ ሕንጻውንና መዋኛ ገንዳውን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማነው፣ ስልኩን ልታገኙ ትችላላችሁ ወይ፣ ባለፈው ዓመት ኮሚቴው ያስቀየረው አንድ ነገር ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻዋን ስትጠይቁ የሚመዘግበው ሰው ፊት ላይ የምታዩት ነገር ይበቃችኋል። ከዛ በር ላይ ጠብቁና ልጅ የሚወስዱ ወላጆችን አነጋግሩ፣ አስተማሪ ስንት ጊዜ ተቀየረባችሁ በሏቸው።

ልጆቼን አላወጣም። ለማስተማር 4፣ ለንጽህና 5፣ ለሰርቪስ 3 (ሹፌሩ ጥሩ ነው መኪናው ያረጀ ነው)፣ ለዋጋ 2፣ ወላጅ ለመስማት 2። በጠቅላላ 3 ብዬዋለሁ፣ ያ ደብዳቤ ባይመለስ ኖሮ ወላጅ ለመስማት የምሰጠው 1 ነበር። ኢንቦክስ ስሙን ንገሪኝ የምትሉኝ አልናገርም፣ ግን ነርሷ የጻፈችውን ደብዳቤ የትምህርት ቤቱን ስም አጥፍቼ ልልክላችሁ እችላለሁ፣ ፈቅዳልኛለች።